ጸጥ ያለው ሞተር

አባቴ ሞተር ሳይክሉን የገዛው እንደ በሬ ፈትሾ ነው። ቀልድ አይደለም። አሶሳ ሻጩ ግቢ ስንገባ ሞተሩ ታጥቦ፣ በዘይት ጨርቅ ተወልውሎ ጥላ ሥር ቆሟል። አባቴ ወዲያው አልተጠጋውም። መጀመሪያ ከሩቅ ቆሞ አየው። ከዚያ በግራ ዞረው፣ በቀኝ ዞረው፣ ወንበሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ ከኋላው ሄዶ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ፤ እዚያ ምን እንደሚያይ አላህ ነው የሚያውቀው። የፊት መብራቱ ጋ ሲደርስ ዓይን ለዓይን ተፋጠጡ።

«ይራገጣል?» አለ።

ሻጩ ሳቀ። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ዝውውር ደርሶት ዕቃውን እየሸጠ ነበር። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩም የተተኮሰ። «ኧረ አይራገጥም አባባ፣ እንደ በግ ነው» ብሎ መርገጫውን አንዴ ረገጠው። ተነሳ። ተነሳ ስል ድምፅ አለው ማለቴ አይደለም፤ እንደጠገበች ድመት ነው የሚያንኮራፋው። አባቴ ጆሮውን አስጠጋ። ፊቱ በራ።

«ጸጥ ያለ ነው» አለኝ። «አየኸው? ዳለቻው በሬያችንም እንዲህ ነበር፤ ድምፁን ሳንሰማው ነው ያረጀው።»

እኔ እጄን ማሽኑ ላይ አሳረፍኩ። ይፋጃል። እኛ ሳንመጣ ተነስቶ፣ ሞቆ፣ ተዘጋጅቶ ነው የጠበቀን። የሰው ባጃጅ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያረጀ ማሽን ሲሞቅ በአንድ እርግጫ እንደሚነሳ፣ ቀዝቅዞ ሲያድር ደግሞ የእናትህን ስም እንደሚያስጠራህ አሳምሬ አውቃለሁ።

«ይሄ ለምን ሞቀ?» አልኩት።

«ጠዋት ገበያ ደርሼበት ነው የተመለስኩት።»

«እሺ፣ ይቀዝቅዝና እንየው። ከሰዓት እንመለሳለን።»

አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ከአሥረኛ ወድቄ ቤት የገባሁ ቀን ነው መጀመሪያ ያየሁት። «ሰውየው መንገደኛ ነው፣ አታንገላታው» አለ። አለቀ። ብሩ የሱ ነው፤ ብሩ የማንጎው ነው። እኔ ምን አፍ አለኝ?

የማንጎውን ነገር ልናገር፤ ሳልናገረው ንዴቴ አይገባችሁም።

የምንኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የሰፈራ መንደር ነው። በደርግ ጊዜ ከወሎ አምጥተው ያሰፈሩት ሕዝብ ስለሆነ መንደሩን ስም እንኳ አላወጡለትም፣ በቁጥር ነው የሚጠራው። አባቴ ልጅ ሆኖ መጥቶ፣ አባቱ የተከለውን ማንጎ ወረሰ። ማንጎ አለን። ሁሉም ሰው ማንጎ አለው፤ ችግሩ እሱ ነው። ሲደርስ አንድ ላይ ይደርሳል። ነጋዴው አይሱዙውን አስፋልት ዳር ያቆምና በፈለገው ዋጋ ይወስዳል። አልሰጥም ያልክ እንደሆነ ዛፉ ሥር ይበሰብሳል፣ ዝንብ ይወርሰዋል፣ መንደሩ በሙሉ እንደ ጠላ ቤት ይሸታል። እና እኔ አሰብኩ፤ ሞተር ቢኖረን በግራና በቀኝ ሣጥን አስረን፣ የኛንም የጎረቤትንም እየጫንን፣ በቀጥታ አሶሳ ገበያ፣ ሲያሻን ጾሬ የስደተኞች ካምፕ በር ድረስ እንሸጣለን። ነጋዴው አስፋልቱ ዳር ሲያዛጋ ይዋል። ጥሩ ሐሳብ ነበር። አሁንም ጥሩ ሐሳብ ነው።

ብሩ ግን ከየት ይምጣ? አባቴ ማንጎውን በዛፉ ላይ ሸጠው። ገና አበባው ሳይረግፍ፣ ያንኑ የምንሸሸውን ነጋዴ ጠርቶ፣ ዛፍ ዛፉን እየነካ የዓመቱን ፍሬ አስረከበው። ከነጋዴው ለማምለጥ ለነጋዴው ሸጥን ማለት ነው። ስለዚህ ያ ሞተር የጎረቤቶቻችንን ማንጎ ተሸክሞ ገበያ ካላደረሰ በዚያ ዓመት እጃችን የሚገባ ነገር አልነበረም። ይኼው ነው ነገሩ።

ለብቻዬ ስነዳው ደህና ነበር። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ አፌን ከፍቼ ስነዳ ትንኝ ሁሉ ዋጥኩ። አባቴ ከኋላ ሲቀመጥ ግን ዳገቱ ላይ ያቃስት ጀመር። በቆሎ ጭኜ ወደ ወፍጮ ቤት ስወስደው መንገድ ላይ ቆመ። ምንም ሳይል። ሲሞት እንኳ ጸጥ ብሎ ነው የሞተው። እየገፋሁ መለስኩት። ጠዋት ቀዝቅዞ ሲያድርማ፣ ብረግጠው ብረግጠው ቁርጭምጭሚቴ አበጠ፤ በስንት መከራ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀና የመንደሩን ዶሮ በሙሉ በተነው። ሻጩ ጋ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። ቤቱ ሄድኩ፤ ተከራዩ ሌላ ሰው ነው። ዝውውሩ እውነት ነበር፤ በእሱ ብቻ አልዋሸንም።

«እንግዳ ቦታ ሆኖበት ነው» አለ አባቴ። «አዲስ በሬም መጀመሪያ መጀመሪያ አይበላም።»

«አባ፣ ሞተር አገሩ አይናፍቀውም።»

«አንተ ደግሞ ይሄ አፍህ!»

በማግስቱ ሙሉ ሰርቪስ ይደረግለት ብለን ከተማ ይዘነው ወረድን። ያረጀ ሞተር ሆዱን ከፍቶ መልሶ መዝጋት የሚችል፣ እኔ የማውቀው አንድ ሰው ነው። ጋራዡ ማለት ከገበያው ጀርባ ያለ የማንጎ ዛፍ ነው፤ ማንጎ የትም ብትሄድ አያመልጥህም። መካኒኩ የበርታ ሰው ነው፣ ከኔ ትንሽ ጠና ያለ፣ ግራኝ። አማርኛው አጭር አጭር ነው፤ ምላሱ ግን ከኔ ምላስ አይተናነስም።

ሞተሩን ሲያየው ዓይኑ ቀድሞ ወደ ጭስ ቧንቧው ጫፍ ሄደ። ትርጉሙ ያኔ አልገባኝም።

«ምን ሆነ ይሄ?» አለኝ።

«ጭነት እምቢ አለ።»

«አርጅቷል። አንተ ስታረጅ ጭነት እሺ ትላለህ?»

ከጎን ሻይ የሚጠጡ ሁለት ባጃጅ ነጂዎች ሳቁ። ያውቁኛል፤ አንድ ተራ ላይ አብረን ሠርተናል። አንደኛው «ባለ ሞተር! እኛን ትተህ ሄድክ፣ አሁን እየገፋህ መጣህ?» አለኝ። አባቴ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ፤ እንደ ሐኪም ቤት አስታማሚ።

መካኒኩ ከሥር ያለውን ቡሎን ፈታና ዘይቱን ቆርቆሮ ላይ ለቀቀው። ዘይቱ አልፈሰሰም። እንደ ማር ተጎተተ። በጣቴ ነካሁት። የሞተር ዘይት አይደለም፤ የትልቅ መኪና የካምቢዮ ዘይት ነው፣ በላዩ ግራሶ ተጨምሮበታል። ያረጀ ማሽን ውስጡ ሲላላ ይንቀጫቀጫል። እንዲህ ያለ ወፍራም ነገር ስትሞላበት ክፍተቱ ይደፈንና ዝም ይላል። ጭሱም ለጥቂት ቀን ይጠፋል። ለመሸጥ የሚበቃ ቀን ያህል።

«ማር ነው እንዴ?» አለ አባቴ።

«ማር ቢሆንማ በዳቦ እንበላው ነበር።»

ቀጠለ። የአየር ማጣሪያው ቦታ ላይ የፍራሽ ስፖንጅ ተቆርጦ ተወትፏል። እሳት የሚጭረው ካንዴላ ከሰል መስሏል። ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት፣ ካቴናው፣ የሁለት ሞተር ቁራጭ ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው። ነዳጅ መያዣውን ስናራግፈው ከቤንዚኑ ጋር ቀይ አፈር ወረደ። ይሄን እንኳ በሻጩ አላሳብብም፤ ማደያው ቤንዚን የለም ሲል ሁላችንም መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ነው የምንገዛው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንዳለ የምትሸጠውም ልጅ አታውቅም። አንድ ነገር በወጣ ቁጥር መካኒኩ ጆንያ ላይ ያስቀምጠዋል፣ እኔ ሻጩን ከነዘር ማንዘሩ እሰድባለሁ፣ ባጃጅ ነጂዎቹ ስድቤን ያስተካክሉልኛል። የአባቴ ዓይን ከጆንያው ላይ አይነሳም። ዛፍ ዛፉን እየቆጠረ ይመስለኛል።

ከዚያ ማርሚታው ላይ ደረስን፤ ጭሱ የሚወጣበት ቧንቧ። ጫፉ በሽቦ ታስሯል። እኔ ፒንሳውን አንስቼ ልፈታ ጀመርኩ። ሽቦ የሚያስር ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ነው የሚጠመዝዘው፤ ስለዚህ ወደ ግራ አዞርኩት። ጠበቀ። ደገምኩት። ይባስ ጠበቀ። መካኒኩ ፒንሳውን ተቀበለኝና ከባጃጅ ነጂዎቹ ጋር እያወራ፣ ዓይኑን እንኳ ሳይጥልበት፣ በግራ እጁ ወደ ቀኝ ጠመዘዘው። ተፈታ። ከቧንቧው ውስጥ ድስት መፈተጊያ ሽቦ ተጎልጉሎ ወጣ፤ ጥቁር፣ የተቃጠለ፣ እፍኝ ሙሉ። ድምፁን የዋጠው እሱ ነበር።

ሰዉ ሁሉ ሽቦውን ያያል። እኔ እጁን አየሁ።

«አንተ» አልኩት። «በየት በኩል እንደሚፈታ በምን አወቅክ?»

«ሽቦ ነው። ሽቦ ምን ይታወቃል?»

«እኔ እኮ አላወቅኩም።»

ጠዋት እሱ የሠራት ባጃጅ አጠገባችን ቆማለች፤ የፊት መከላከያዋ በሽቦ ታስሯል። ሄጄ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ያው ራሱ ነው። ወደ ግራ የተጠመዘዘ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ።

«አንተ ነህ!» አልኩ። «ዘይቱንም፣ ስፖንጁንም፣ ይሄንንም! አንተ ነህ የሠራኸው!»

ባጃጅ ነጂዎቹ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ይክዳል ብዬ ነበር፤ ለክህደቱ የሚሆን ስድብ ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። አልካደም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ወላሂ እኔ ነኝ። ለምን ትጮሃለህ?»

«ለምን ትጮሃለህ ይለኛል እንዴ!»

«ሰውየው መጣ። ዝም አስብልልኝ አለ። ዝም አሰኘሁ፣ ኸላስ፣ አለቀ። ሥራልኝ ቢል እሠራ ነበር። አላለም። ዛሬ አንተ መጣህ፣ ሥራልኝ አልክ። እሠራለሁ። ጥፋት የት ነው?»

«ቅድም ስታየው አውቀኸዋል አይደል? ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ትሄዳለህ። የት ትሄዳለህ?»

ያንጨረጨረኝ ይሄ ነው። የት እሄዳለሁ? ሌላ ዛፍ የለም። ሞተሩ ሆዱ ተዘርግፎ ጆንያ ላይ ተኝቷል፤ ሰብስቦ ወደ ቦታው የሚመልሰው የደፈነው ሰው ራሱ ነው።

«ሌባ!» አልኩት።

ያኔ ፊቱ ተለወጠ። ግን እኔን አላየኝም፤ ወደ አባቴ ዞረ። «አባባ፣ አንተ በሬ ስትሸጥ ጨው አታበላም? ጨው ይበላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ሆዱ ይሞላል፣ ገበያ ይወጣል። አንተ ሌባ ነህ?»

አባቴ ጎማው ላይ ተንቀሳቀሰ፤ በከንፈሩ ጫፍ ሳቅ ቢጤ መጥታ ተመለሰች። ባጃጅ ነጂዎቹ ግን በሳቅ ፈረሱ። በገበያ ዋዜማ የጨዉን ሳህን ይዤ የምቆመው እኔ ነበርኩ።

መካኒኩ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ። አንድ መምህር አለ። አዲስ ነው፣ ከሩቅ የመጣ። ሞተር ይፈልጋል፣ በየቀኑ ይጠይቀኛል። እኔ ልዝጋው። ለማታ ይደርሳል፣ እንደበፊቱ ዝም ይላል። ትሸጣለህ፣ ብርህን ትይዛለህ፣ ደህና ትገዛለህ።»

«ዝጋው» አለ አባቴ።

አላሰበበትም። አንዲት ቃል፤ እንደ በር።

«አይዘጋም» አልኩ።

«ማንጎዬ እኮ ነው ያለው እዚህ ውስጥ!» አለ ጆንያውን እያሳየ። ድምፁ ሲሰበር ሰምቼው አላውቅም ነበር። «ማንጎዬ!»

«አውቃለሁ አባ።»

«ታዲያ?»

ጥሩ ሰው ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። መምህሩን አላውቀውም፣ አላዘንኩለትምም፤ ደሞዝ ያለው ሰው ነው። ግን ከገዛነው ቀን ጀምሮ ያንን ሸሚዙ የተተኮሰ ሰውዬ ስረግም ነው የከረምኩት። ስገፋ ረግሜዋለሁ፣ ስረግጥ ረግሜዋለሁ፣ እግሬን በሞቀ ውሃ ስዘፈዝፍ ረግሜዋለሁ። ያን ሁሉ እርግማን ተሸክሜ፣ አሁን ደግሞ እኔው ማሽኑን አስቀድሜ አሙቄ፣ መርገጫውን አንዴ ረግጬ «እንደ በግ ነው» ልል? እጄ ቢታዘዝ ምላሴ አይታዘዘኝም። ምክንያቴ ይኼው ነው፤ ሌላ የለኝም።

«ሥራው» አልኩት መካኒኩን። «በደንብ ሥራው። ይጮሃል ካልክ ይጩህ።»

አባቴ ተነሳ። ሱሪውን አራገፈ። «እንግዲህ ያንተ ነው» አለኝ። «እኔ የገዛሁት ጸጥ ያለውን ነው።» የመጀመሪያዋን ባጃጅ ተሳፍሮ ሄደ። ዞር ብሎ እንኳ አላየም።

ለሥራው የምከፍለው ስላልነበረኝ ብረታ ብረቱን በናፍጣ እያጠብኩ እሱ ዘንድ ሰነበትኩ። ፒስቶኑን የሚያቅፉት ቀለበቶች፣ ፋሻ የሚባሉት፣ ተበልተው አልቀዋል። አዲስ ፋሻ ከተማው ውስጥ ጠፋ፤ ከዛፉ ጀርባ ሣር ከበቀለበት የሞተ ሞተር ፈትቶ አመጣ። አስተካክሎ ሞረደ፣ ገጠመ፣ ፈታ፣ እንደገና ገጠመ። እውነቱን ልናገርና እጁ ሥራ ያውቃል። ደግሞ የሚያበሽቀው እሱ ነው። የማይችል ሰው ቢያታልለኝ አይችልም ብዬ እተወው ነበር።

«ስንት ጊዜ ይቆያል?» አልኩት ሲጨርስ።

«ማንጎ ያደርስልሃል። ከማንጎ በኋላ አላህ ያውቃል።»

አስነሳው። እንደ እህል ወፍጮ ተንቋቋ፤ የሻይ ብርጭቆዎቹ ተንቀጠቀጡ።

«ይጮሃል» አለኝ በጩኸቱ ላይ እየጮኸ። «ዝም ላስብለው?»

«እንዳትነካው!»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

መንደር ስገባ ውሾቹ ከሩቅ ሰምተው ወጥተው ተቀበሉኝ። አባቴ ደጃፍ ላይ ከጎረቤቶች ጋር ቆሟል። አንደኛው ሽማግሌ «ያ ጀማዓ! ጸጥ ያለ ያልከን ይሄ ነው እንዴ?» አለው።

«ጸጥ ያለማ ነበር» አለ አባቴ። «ከፍተው አበላሹት። ተው ብለው አልሰማም።»

«አባ! ዘይቱን በዓይንህ አላየህም? ሽቦውንስ?»

«ያየሁትን አይቻለሁ» አለና ቤት ገባ።

ከዚያ ወዲያ ወሬው ይኼው ሆነ። መስጊድ ደጃፍም፣ ወፍጮ ቤትም፣ ለቅሶ ቤትም። ደህና ሞተር ተገዝቶለት፣ ባጃጅ ነድቻለሁ ብሎ አዋቂ ሊሆን፣ ከተማ ወስዶ አስገንጥሎት መጣ። መጀመሪያ መጀመሪያ እየተከራከርኩ አስረዳ ነበር፤ ስለ ካምቢዮ ዘይት ስናገር ሰዉ አእምሮውን እንደነካው ሰው ነው የሚያየኝ። ጩኸቱን ሁሉም ይሰማል። ሽቦውን ያየ የለም። ከመንደሩ ያየው አንድ ሰው ነው፣ እሱም አባቴ ነው።

ማንጎው ደረሰ። ጎረቤት ለጎረቤት ዞርኩ፤ ጫኑብኝ፣ አሶሳ ላድርስላችሁ፣ ከነጋዴው የተሻለ ታገኛላችሁ። አዩኝ፣ ሞተሩን አዩ፣ አባቴን አዩ። «አብሽር ልጄ፣ ዘንድሮ ይለፈን» አሉኝ። አንዷ ሴትዮ ደግሞ ሳታሽሞነሙን «የገዛ አባትህ ያላመነውን እኔ ልመንልህ?» አለችኝ። ሁሉም እንደ ድሮው ለነጋዴው ሰጡ።

ዝናቡ ቀድሞ ጣለ። ከመንደር ወደ አስፋልት የሚወስደው መንገድ ጭቃ ሆነና አይሱዙው መግባት አቃተው። ነጋዴው በቦት ጫማ እየዘለለ መጣ። ከዛፍ እስከ አስፋልት የሚያመላልስለት ፈለገ። ሞተር ያለው ማነው? እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የጫንኩት የኛን ነው። የኛን እላለሁ እንጂ የነጋዴውን ነው። አባቴ ያረገፈውን፣ ከነጋዴው ለማምለጥ ለነጋዴው የሸጥነውን። ሣጥኖቹን ያሰራቸው አባቴ ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲያስር አልፈቀደም። ገመዱን ጎተተ፣ ቋጠረ፣ በጉልበቱ ገፍቶ ሞከረው። እንደ በሬ ቀንበር። ነጋዴው ጎማውን እያየ ቆሟል።

«ይችላል ይሄ?» አለ።

«ይችላል» አለ አባቴ ቋጠሮውን እያጠበቀ። «ጉልበት አለው። ግን ስገዛው እንዲህ አልነበረም። ስገዛው ጸጥ ያለ ነበር። ይሄ ልጄ ነው…»

ማሽኑ ከትናንት ጀምሮ ቆሞ ቀዝቅዞ አድሯል። መርገጫውን ረገጥኩት። በአንድ እርግጫ ተነሳ። ጮኸ፤ የቀረውን አልሰማሁትም።